የኦፕሬቲንግ ሲስተም ማሻሻያና የገጽታ ለውጥ፦ የተጠቃሚዎች ቅሬታ መነሻዎችና ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

መግቢያ

የአንድ አገልግሎት ሰጪ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጠዋት ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ገጽታው ከትናንቱ ተለውጦ ይጠብቃታል። ለዓመታት በማያ ገጹ ግራ ጥግ የነበረው መክፈቻ ወደ መሃል ሄዷል። ፋይል ለመቅዳት ትጫነው የነበረው ቃል በትንሽ ምልክት ተተክቷል። ፕሪንተሩ ትእዛዝ አይቀበልም። ባለጉዳዮች ግን ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሠራተኛዋ ሙያዋን አልዘነጋችም፤ የምትሠራበት መሣሪያ ሳትጠየቅ ተለውጦባታል።

በእንዲህ ያለ አጋጣሚ የተማረረ ተጠቃሚ ብዙውን ጊዜ የሚደርስበት ውሳኔ ማሻሻያ የሚባለውን ሁሉ መዝጋት ነው። ቅሬታው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ውሳኔው ግን ኮምፒውተሩንም በውስጡ ያለውን መረጃም ለጥቃት ያጋልጣል። ይህ ጽሑፍ የማሻሻያ ዓይነቶችን፣ ቅሬታ የሚያስነሡ ምክንያቶችን፣ ማሻሻያን መተው የሚያስከትለውን ጉዳት እንዲሁም ግለሰቦችና ተቋማት ሊወስዷቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎችን በቅደም ተከተል ያስረዳል።

የማሻሻያ ዓይነቶች

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮምፒውተሩን ወይም ስልኩን የሚያንቀሳቅስ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ የሚሠሩበት መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ፣ ማክ ኦኤስ፣ ሊኑክስ፣ አንድሮይድና አይኦኤስ ከሚታወቁት ውስጥ ይገኛሉ። በእነዚህ ላይ የሚደረጉ ለውጦች በተለምዶ በአንድ ስም «አፕዴት» ይባሉ እንጂ በይዘታቸው ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው የደህንነት ጥገና ነው። በሶፍትዌሩ ውስጥ የተገኘን ቀዳዳ ይደፍናል፤ የማያ ገጹን መልክ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ይህን ጥገና በመደበኛነት የሚለቀው በፈረንጆች ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው።

ሁለተኛው የይዘት ማሻሻያ ሲሆን በዚያው የኦፕሬቲንግ ሲስተም ትውልድ ላይ አዳዲስ አገልግሎቶችን ይጨምራል፤ የአንዳንድ ምልክቶችን ቦታ ሊለውጥም ይችላል።

ሦስተኛው ወደ አዲስ ትውልድ መሸጋገር ነው፤ ለምሳሌ ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 መዛወር። የገጽታ ለውጥ በብዛት የሚታየው፣ የፕሪንተርና የቆዩ ፕሮግራሞች አለመጣጣምም በብዛት የሚያጋጥመው በዚህኛው ነው።

ልዩነቱን ማወቅ ጠቃሚ የሚሆነው የብዙ ተጠቃሚ ቅሬታ በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ሆኖ ሳለ በንዴት የሚዘጋው የመጀመሪያው ጭምር በመሆኑ ነው።

የተጠቃሚዎች ቅሬታ ዋና ዋና መነሻዎች

1. የለመዱት ነገር ከቦታው መጥፋቱ

ኮምፒውተር አዘውትሮ የሚጠቀም ሰው አብዛኛውን ትእዛዝ የሚሰጠው እያሰበ ሳይሆን እጁ በለመደው መንገድ ነው። ምልክቱ ከቦታው ሲነሣ ያ ልማድ ዋጋ ያጣል፤ በቅጽበት ይፈጸም የነበረው ተግባር እንደገና ፍለጋ ይጠይቃል። ለዚህ በሰፊው የሚጠቀሰው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 2012 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ 8 ነው። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ለ17 ዓመታት በግራ ታችኛው ጥግ የቆየውን የስታርት አዝራር አስወግዶ፣ ተጠቃሚውን በትልልቅ ባለቀለም ሰሌዳዎች በተሞላ ሙሉ ገጽ ተቀበለው። አሠራሩ በጣት ለሚነኩ ማያ ገጾች የታሰበ ስለነበር በማውስና በኪቦርድ የሚሠራው ሰው ኮምፒውተሩን ማጥፊያ ቦታ እንኳ ለማግኘት ተቸግሮ ነበር።

ቅሬታው ውጤት አስገኝቷል። ከአንድ ዓመት በኋላ በወጣው ዊንዶውስ 8.1 የስታርት አዝራር ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 በወጣው ዊንዶውስ 10 ደግሞ የተለመደው የስታርት ዝርዝር በተሻሻለ መልክ ወደ ቦታው ገባ። ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ሲለቀቅም ተመሳሳይ ቅሬታ ተነሥቷል። የተከፈቱ መስኮቶችን ከነስማቸው ለየብቻ በታችኛው መስመር ላይ ማሳየት የማይቻል ሆኖ ነበር፤ ይህ አማራጭ የተመለሰው በ2023 ነው። ከዚህ መረዳት የሚቻለው በአግባቡ የቀረበ የተጠቃሚ አስተያየት የአምራቾችን ውሳኔ ሊያስለውጥ እንደሚችል ነው።

2. ያለፈቃድና ያለጊዜው የሚመጣ ማሻሻያ

ኮምፒውተሩ በሥራ መሃል ራሱን አጥፍቶ ሲነሣ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ በርካታ ጊጋባይት የሚመዝን ማሻሻያ ሳያውቀው መውረዱ ለወሩ የገዛውን ጥቅል በአንድ ቀን ሊያሟጥጥበት ይችላል። ማሻሻያው በመጫን ላይ ሳለ መብራት ቢቋረጥም ኮምፒውተሩ ዳግመኛ ላይነሣ የሚችልበት ሁኔታ አለ።

3. የማሻሻያው ራሱ ስህተት ያለበት መሆን

ማሻሻያ ሁሉ እንከን የለሽ አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የለቀቀውን የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለማቆም ተገድዷል። ምክንያቱም የሰነድ ማስቀመጫቸውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛወሩ አንዳንድ ተጠቃሚዎች በቀድሞው ቦታ የቀሩ ፋይሎቻቸው በመሰረዛቸው ነው። ማሻሻያው ታርሞ እንደገና የተለቀቀው በቀጣዩ ወር ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለ የደህንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ያሠራጨው ስህተት ያለበት ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት መሠረት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጭ አድርጎ የአየር መንገዶችን፣ የባንኮችንና የሆስፒታሎችን አገልግሎት አስተጓጉሏል።

4. የቆየ መሣሪያ መዘግየት ወይም ተቀባይነት ማጣት

አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአብዛኛው ከቀድሞው የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። አፕል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባትሪያቸው ያረጀ የአይፎን ስልኮች በድንገት እንዳይጠፉ ፍጥነታቸውን የሚቀንስ ማሻሻያ መልቀቁን አምኗል። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መለወጫ ዋጋ ቀንሷል፤ በ2020 የፈረንሳይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለደንበኞች በወቅቱ ባለማሳወቁ 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። የቅጣቱ ምክንያት ፍጥነት መቀነሱ ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚው አለማወቁ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

5. ጤናና አካል ጉዳትን ያላገናዘበ ንድፍ

በ2013 የወጣው አይኦኤስ 7 በማያ ገጹ ላይ ያስገባቸው የመቅረብና የመራቅ እንቅስቃሴዎች አንዳንድ ተጠቃሚዎችን አዙሯቸው ነበር፤ አፕልም በተከታዩ ማስተካከያ እንቅስቃሴውን መቀነሻ አማራጩን አስፍቶ አቅርቧል። የቀጠኑ ፊደላት፣ የደበዘዙ ቀለሞችና ጽሑፍ የሌላቸው ምልክቶች ዓይናቸው ለደከመ አዛውንቶች ችግር ይፈጥራሉ። ማያ ገጹን በድምፅ በሚያነብ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ዓይነ ስውራን ደግሞ የገጹ ቅደም ተከተል ሲለወጥ የለመዱትን መንገድ ከመጀመሪያው ለመማር ይገደዳሉ።

አምራቾች ገጽታን የሚለውጡባቸው ምክንያቶች

ለውጦቹ ሁሉ ያለምክንያት የሚደረጉ አይደሉም። የመሣሪያዎች ዓይነት ሲለወጥ፣ ለምሳሌ በማውስ ፋንታ ጣት ሲመጣ፣ አዝራሮች መተለቅና መራራቅ ይኖርባቸዋል። አንድ ኩባንያ ስልኩም ኮምፒውተሩም ተመሳሳይ መልክ እንዲኖራቸው ሊፈልግ ይችላል። የትእዛዞች ብዛት ሲጨምርም የቀድሞው አደረጃጀት መያዝ ያቅተዋል። ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2007 የቀድሞዎቹን ተዘርጊ ዝርዝሮች ትቶ ትእዛዞችን በላይኛው ሰፊ መስመር ያደራጀው በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ብዙ ቅሬታ ቢያስነሣም ዛሬ በሰፊው የተለመደው ያ አደረጃጀት ሆኗል። ከዚህ ጎን ለጎን አዲስ ምርትን አዲስ አስመስሎ ለገበያ የማቅረብና ተጠቃሚውን ወደ ኩባንያው ሌሎች አገልግሎቶች የመሳብ ፍላጎትም አለ። ስለሆነም ተጠቃሚው አንዱን ለውጥ ጠቃሚ፣ ሌላውን አላስፈላጊ ብሎ መለየቱ ተገቢ ነው።

ማሻሻያን መተው የሚያስከትለው ጉዳት

እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 (ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.) ዋናክራይ የተባለ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ሶፍትዌር ከ150 በላይ አገሮች የሚገኙ ኮምፒውተሮችን አጥቅቷል። በእንግሊዝ የሕዝብ ሆስፒታሎች ቀጠሮዎችና ቀዶ ሕክምናዎች ተሰርዘዋል። ጥቃቱ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነው የደህንነት ጥገና ግን ከማርች 14 ቀን 2017 ጀምሮ ተለቅቆ ነበር። በሁለቱ ቀናት መካከል ወደ ሁለት ወር የሚጠጋ ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጥገናውን የጫነ ኮምፒውተር ቀዳዳው ተደፍኖለታል፤ ያልጫነው ግን ተጋልጦ ቆይቷል። ድጋፉ ከሦስት ዓመት በፊት ያበቃው ዊንዶውስ ኤክስፒን የያዙ ኮምፒውተሮች ደግሞ ጥገናው በይፋ የቀረበላቸው ጥቃቱ ከተፈጸመ በኋላ በልዩ ሁኔታ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል ለደህንነት ጥገና በትክክል ይሠራል።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ማብቃትና አማራጮች

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.) አብቅቷል። ኮምፒውተሩ ከዚህ ቀን በኋላም ይሠራል፤ ሆኖም አዲስ የሚገኙ ቀዳዳዎችን የሚደፍን ነፃ መደበኛ ጥገና አይቀርብለትም። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍልና ከአምራቹ ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል። የኢንቴል ፕሮሰሰር ላላቸው ይህ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድንና ከዚያ በኋላ የወጡትን ይመለከታል። ስለዚህ ያለምንም ችግር የሚሠራ ኮምፒውተር እንኳ መስፈርቱን ላያሟላ ይችላል። የዚህ ዓይነት ኮምፒውተር ባለቤት የሚከተሉት አማራጮች አሉት።

• የተራዘመ የደህንነት ጥገና ፕሮግራም፦ ለግለሰብ ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 (ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.) የሚቆይ ነው። ድርጅቶች በየዓመቱ እየጨመረ በሚሄድ ክፍያ እስከ ሦስት ዓመት ሊያራዝሙ ይችላሉ።

• ሊኑክስ፦ እንደ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ያሉ ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች በቆዩ ኮምፒውተሮችም ላይ ሊሠሩ ይችላሉ። ከመሸጋገር በፊት ግን የሚጠቀሙባቸው የሒሳብ ወይም የመዝገብ ፕሮግራሞች በዚያ ላይ መሥራታቸው ሊረጋገጥ ይገባል።

• ከኢንተርኔት ማለያየት፦ ለመጻፍና ለማተም ብቻ የሚያገለግል ኮምፒውተርን ከኢንተርኔትና ከመሥሪያ ቤቱ መረብ ነጥሎ መጠቀም ይቻላል። ሆኖም በፍላሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ስጋት መሆኑ አይቀርም።

መስፈርቱን በማያሟላ ኮምፒውተር ላይ ምንጩ ያልታወቀ ወይም ፈቃዱ የተሰበረ የዊንዶውስ ቅጂ ማስጫን ግን መፍትሔ አይደለም። እንዲህ ያለ ቅጂ ጎጂ ሶፍትዌር አብሮ ሊይዝ ይችላል።

የግዕዝ ፊደልና ማሻሻያ

በአማርኛና በሌሎች የግዕዝን ፊደል በሚጠቀሙ ቋንቋዎች የሚጽፉ ተጠቃሚዎች የተለየ ችግር ያጋጥማቸዋል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆኖ ይታያል። ኮምፒውተሩ ተጠርጎ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጫንበት ፎንቱ አብሮ ስለሚጠፋ፣ የዓመታት ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ በአንድ ቀን የማይነበብ ሊሆን ይችላል። ሰነዱ አልጠፋም፤ የሚነበብበት መሣሪያ ግን ጠፍቷል።

በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ ጽሑፉ ባይበላሽም መልኩ ሊለወጥ ይችላል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ ፎንት በዊንዶውስ 10 ተጨማሪ አማራጭ ክፍል ስለሆነ አዲስ በተጫነ ኮምፒውተር ላይ ላይገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጽሑፉ ኤብሪማን በመሰለ ሌላ ፎንት ስለሚታይ የመስመርና የገጽ አቀማመጥ ይዛባል። ስለሆነም ከማሻሻያ በፊት የሚሠራባቸውን ፎንቶችና የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር መጫኛ ለብቻ ማስቀመጥ፣ የቆዩ ሰነዶችን በሂደት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ዋና ዋናዎቹንም በፒዲኤፍ መልክ መያዝ ይመከራል።

ለግለሰብ ተጠቃሚዎች የሚሰጥ ምክር

1. ከማሻሻያ በፊት ሰነዶችዎን፣ ፎቶግራፎችዎንና የስልክ ቁጥሮችዎን ከኮምፒውተሩ ውጭ ባለ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። ቅጂው በትክክል መከፈቱን በሌላ ኮምፒውተር ያረጋግጡ።

2. የደህንነት ጥገናን ሳያዘገዩ ይጫኑ። ወደ አዲስ ትውልድ ለመሸጋገር ግን አሁን ያለዎት ትውልድ ድጋፍ እስካለው ድረስ ጥቂት ሳምንታት ጠብቀው የሌሎችን ተሞክሮ መመልከት ይችላሉ።

3. በሞባይል ዳታ የሚጠቀሙ ከሆነ በዊንዶውስ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ ግንኙነቱን የሚለካ ክፍያ ያለው አድርገው ይመዝግቡ። ይህ አብዛኞቹ ማሻሻያዎች በራሳቸው እንዳይወርዱ ያደርጋል። ነፃ ወይም ርካሽ ግንኙነት ሲያገኙ ግን ማውረድዎን አይዘንጉ።

4. በዊንዶውስ አፕዴት ቅንብር ውስጥ የሥራ ሰዓትዎን ይወስኑ፤ ኮምፒውተሩ በዚያ ሰዓት ራሱን አጥፍቶ አይነሣም። አስቸኳይ ሥራ ካለብዎት ማሻሻያን እስከ አምስት ሳምንት ለጊዜው ማቆም ይችላሉ።

5. ማሻሻያ ሲጭኑ ላፕቶፑ በቂ ቻርጅ እንዳለውና ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር መገናኘቱን ያረጋግጡ። ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር መብራት ሲቋረጥ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ መጠቀም ይመከራል።

6. ወደ ዊንዶውስ 11 ተሸጋግረው ካልተስማማዎት፣ በተሸጋገሩ በ10 ቀናት ውስጥ በሪከቨሪ ቅንብር በኩል ወደነበሩበት መመለስ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ የቀድሞው ቅጂ ስለሚሰረዝ ዋና ዋና ፕሮግራሞችዎንና ፕሪንተርዎን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይፈትሹ።

7. የሚያስቸግርዎትን የገጽታ ለውጥ ከመማረርዎ በፊት በቅንብር ውስጥ ይፈልጉት። በዊንዶውስ 11 የታችኛውን መስመር ምልክቶች ከመሃል ወደ ግራ መመለስ፣ የፊደሉን መጠን ማሳደግና እንቅስቃሴን መቀነስ ይቻላል። በፋይል ላይ በቀኝ አዝራር ሲጫኑ የሚመጣው አጭር ዝርዝር ካልበቃዎት፣ ፋይሉን መርጠው ሺፍት እና ኤፍ 10ን አብረው ሲጫኑ የቀድሞው ሙሉ ዝርዝር ይመጣል።

8. ኮምፒውተርዎን ለጥገና ሲሰጡ ባለሙያው ፎርማት ከማድረጉ በፊት የትኞቹ ፋይሎችና ፎንቶች መቆየት እንዳለባቸው በጽሑፍ ይስጡ።

ለተቋማት የሚሰጥ ምክር

በተቋም ደረጃ የሚደረግ ሽግግር የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ብቻ ኃላፊነት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ሥራው የሚቆመው አገልግሎት በሚሰጥበት መስኮት ላይ በመሆኑ የሥራ ክፍሎች በዕቅዱ ሊሳተፉ ይገባል።

በመጀመሪያ ማሻሻያው በጥቂት ኮምፒውተሮች ላይ ይሞከር። ሙከራው የሒሳብ፣ የመዝገብ ቤትና የደንበኞች አገልግሎት ኮምፒውተሮችን ቢያንስ አንድ አንድ ያካትት፤ ፕሪንተሮች፣ ስካነሮችና የቆዩ ፕሮግራሞች መሥራታቸውም ይረጋገጥ። ቀጥሎ በየክፍሉ ደረጃ በደረጃ ይተላለፍ። ሁሉንም ኮምፒውተሮች በአንድ ሌሊት መለወጥ፣ ስህተት ቢኖር መሥሪያ ቤቱን ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ ያደርጋል።

የጊዜ ምርጫም ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመት በሚዘጋበት በሰኔ መጨረሻ ወይም ትምህርት ቤቶች ተማሪ በሚመዘግቡበት ወቅት የገጽታ ለውጥ ማድረግ ሊወገድ ይገባል። የደህንነት ጥገና ግን በእነዚህ ጊዜያትም አይቋረጥም።

ሠራተኞች ለውጡ ከመደረጉ በፊት በቂ ማስታወቂያ ሊደርሳቸው፣ ምን እንደሚለወጥና የቀድሞው የት እንደሚገኝ የሚያሳይ አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ሊሰጣቸው ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየክፍሉ ጥያቄ የሚመልስ ሰው ቢመደብ የባለጉዳይ መጉላላት ይቀንሳል። የዘገየ ሠራተኛን መገሠጽ ችግሩን አይፈታም፤ የት ላይ እንደዘገየ መዝግቦ ማስተካከል ይፈታዋል። በአንድ መሥሪያ ቤት መረብ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች አንዱ ያወረደውን ማሻሻያ እንዲጋሩ ማድረግም የኢንተርኔት ወጪን ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

በገጽታ ለውጥ ላይ የሚነሣ ቅሬታ የአለማወቅ ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ አምራቾች ራሳቸው ያነሡትን አዝራር መልሰው ያስቀመጡት እንዲህ ያለ ቅሬታ ሰምተው ነው። በሌላ በኩል በመልኩ ያልተደሰተ ተጠቃሚ የደህንነት ጥገናውን ጭምር ቢዘጋ ጉዳቱ ወደ ራሱና በእጁ መረጃቸው ወዳለ ባለጉዳዮች ይመለሳል። ስለሆነም የደህንነት ጥገናን በወቅቱ መጫን፣ ወደ አዲስ ትውልድ የሚደረግን ሽግግር በዕቅድ መፈጸም፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የሰነዶችን ቅጂ መያዝ የእያንዳንዱ ተጠቃሚና ተቋም ተግባር ሊሆን ይገባል።